በአቶ ሱሌማን አቅራቢነት

ጥር 1979 ዓ.ም. ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር አቶ ገብረወልድ የማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የናዝሬት ነፋስ እንደ ልማዱ አቧራውን እያነሳ ፊታችን ላይ ይበትነዋል። ባርኔጣቸውን በአንድ እጃቸው ጫን አድርገው ይዘው፣

«አሜሪካ ኑክሌር አፈንድታለች» አሉኝ።

«የት?»

«እዚያው አገሯ፣ በረሃ ላይ። ከመሬት ሥር ነው አሉ።»

«የተጎዳ ሰው አለ?»

«እኔ ምኑን አውቄው መምህር አብተው! ለሐሙስ የአቋም መግለጫ አዘጋጅ ተብለሃል።»

መንግሥት ሙከራውን አውግዟል፤ ሰፊው ሕዝብ ደግሞ በየቀበሌው ተሰብስቦ ውግዘቱን መደገፍ ነበረበት። እኔ የቀበሌው ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ የሆንኩት ፖለቲካ ስለማውቅ አይደለም። ከመምህራን ኮሌጅ ወጥቼ ገና ወደ ከተማው መምጣቴ ነበር፤ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ ሲጠይቁኝ እምቢ ማለት አቃተኝ። በኋላ ግን ሥራውን ወደድኩት። ማን ምን እንዳለ በትክክል ከተጻፈ ማንም አይበደልም የሚል እምነት ነበረኝ። ስለዚህ ሰው ሲናገር ቃሉን ሳልቀንስ፣ ስሙንም ሳልረሳ እጽፍ ነበር።

ሐሙስ ገበያ ነው። በዚያ ላይ ለሕገ መንግሥቱ ድምፅ ከሰጠን ሳምንት አልሞላንም፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ ስንወያይ ወራት አሳልፈናል። ሰዉ ስብሰባ ታክቶታል። ቢታክተውም ይመጣል፤ የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል፣ ስሙ የተያዘ ደግሞ ከሕብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና ሲጠይቅ ፊት ይነሳል። እናም ያን ቀን አዳራሹ ሞላ። ሽንኩርት የያዘው ከነሽንኩርቱ፣ ዶሮ የያዘው ከነዶሮው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ ተቀመጠ። ረቂቁን ሳነብ ከኋላ በኩል ዶሮዎቹ አላስነብብ አሉኝ።

«ወይዘሮ ሻሼ፣ እባክዎ ዶሮዋን ዝም ያሰኙልን» አሉ አቶ ገብረወልድ።

«እሷም አቋሟን እየገለጸች ነው!» አለ አንዱ፤ አዳራሹ ሳቀ።

ወይዘሮ ሻሼ ግን አልሳቁም። «ገበያው ሲበተን ማን ይገዛኛል? አሜሪካ ትገዛኛለች?» አሉ።

ረቂቄ አጭር ነበር። አሜሪካ በኔቫዳ በረሃ ያደረገችውን ሙከራ ያወግዛል፣ የመንግሥታችንን አቋም ይደግፋል፣ ስለ ዓለም ሰላም ሁለት መስመር ይላል፣ ያበቃል። «አስተያየት ያለው?» ተብሎ ሲጠየቅ ማንም እጁን እንደማያወጣ እናውቃለን፤ አስተያየት ስብሰባ ያስረዝማል። አቶ ገብረወልድ ማህተሙን ሊያነሱ ሲሉ ግን ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንድ እጅ ወጣ። ጋሽ ሱሌማን ነበሩ።

ጋሽ ሱሌማን ገበያው አፍ ላይ ገመድ፣ ጆንያና የፋኖስ ብርጭቆ የሚሸጡ የወሎ ሰው ናቸው። ናዝሬት ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ከስብሰባ ቀርተው አያውቁም፤ ተናግረውም አያውቁም።

«አንድ ሐሳብ አለችኝ» አሉ ተነስተው። «ዛሬ አሜሪካ ናት። ነገ ሌላ አገር ቢያፈነዳስ? ክፉ ነገር ማንም ቢያደርገው ክፉ ነው። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ ይህን ሙከራ የፈጸመውንም ሆነ ወደፊት የሚፈጽመውን ማንኛውንም አገር አጥብቀን እናወግዛለን።»

ሐሳቡ ትክክል መሰለኝ። ያን ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ሙከራ ካቆመች ዓመት ከመንፈቅ እንዳለፋት በሬዲዮ ሁልጊዜ ይነገር ስለነበር ማንኛውም አገር ሲባል እሷን ይነካል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እኔም አላሰብኩም። አቶ ገብረወልድ «በጣም ጥሩ» አሉ፤ ተጨበጨበ። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ «በአቶ ሱሌማን አቅራቢነት በቀረበው ማሻሻያ መሠረት» ብዬ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ገለበጥኩት።

ስንወጣ ጋሽ ሱሌማን ክንዴን ያዙኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ዓለም ላይ ስንት አገር አለ ልጄ? የጂኦግራፊ አስተማሪ ነህ መቼም።»

«መቶ ስልሳ ገደማ።»

«አየህ! እያንዳንዱ ባፈነዳ ቁጥር ሐሙስ ሐሙስ ሱቅ ዘግተን ልንቀመጥ ነው? አሁን አንዴ ጠቅልለን አወገዝናቸው። ተገላገልን።» አሉና ወደ ሱቃቸው ሮጥ ሮጥ እያሉ ሄዱ።

መግለጫውን ከቃለ ጉባኤው ግልባጭ ጋር ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ወሰድኩት። ተቀባዩ ጓድ ፈይሳ ይባላል፤ የፕሮፓጋንዳው ኃላፊ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል፣ ጨጓራ አለበት፣ መሳቢያው ውስጥ የጨጓራ ክኒንና ደረቅ ብስኩት አይጠፋም። ሰው ለማሳሰር የሚቸኩል አልነበረም፤ እሰር ቢባል ግን የሚያንገራግር አይመስለኝም ነበር። መግለጫውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«የፈጸመውንም ሆነ ወደፊት የሚፈጽመውን… ይሄ መርኅ አለው፤ ሌሎቹ ስድብ ብቻ ነው የላኩልኝ» አለ። «ናሙና ይሆናል።»

ናሙና ሆነ። የጽሕፈት ቤቱ ታይፒስት የሺዓለም ከነቃለ ጉባኤው ስቴንስል ላይ መታችው፤ ተባዛ። ጓድ ፈይሳ ለራሱ ቀበሌዎች ካደለ በኋላ፣ በጎረቤት አውራጃ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ጓደኛው አንድ እሽግ ለመነውና ወደ ዓለም ጤና፣ መቂና ዝዋይ ወሰደው። እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኝ ነበር። የጻፍኩት ነገር ሲባዛ የመጀመሪያዬ ነው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አርብ የካቲት 20 ቀን ክፍል ውስጥ እያለሁ ጓድ ፈይሳ አስጠራኝ። ስገባ ሬዲዮኑ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ሙዚቃ ያሰማል፤ እሱ ግን እንደ ዜና አፍጥጦ ያየዋል።

«ሶቪየት ኅብረት አፈነዳች» አለኝ።

«ምን አፈነዳች?»

«ምን ታፈነዳለች? ኑክሌር! ትናንት። አሜሪካ አላቆምም ስላለች ተገድጄ ነው ብላለች።»

«መንግሥታችንስ ምን አለ?»

«ስለየትኛው?»

«ስለ ሶቪየቱ።»

«ምንም።»

«ምንም ማለት ደግፏል ማለት ነው?»

«ምንም ማለት ምንም ነው አብተው! እኔስ ከጠዋት ጀምሮ ምን የምጠብቅ ይመስልሃል?» ብሎ ወደ ሬዲዮኑ ጠቆመ። ከዚያ መግለጫውን ከፋይል አወጣና ጣቱን መስመሩ ላይ አደረገ። «ወደፊት የሚፈጽመውን ማንኛውንም አገር። ወደፊት ያላችሁት ትናንት ሆነ። እንግዲህ የናዝሬት ሕዝብ ሶቪየት ኅብረትን ቀድሞ አውግዟል ማለት ነው።»

«እንደዚያ ለማለት አልነበረም።»

«ለማለት ያልነበረውን አይደለም የምናነበው። የተጻፈውን ነው።» ክኒን ዋጠ። «ይሄ ሱሌማን ማን ነው?»

«ገመድና ጆንያ ሻጭ ነው።»

«ፀረ ሶቪየት ነው?»

«ሶቪየትን የሚያውቃት አይመስለኝም። ላዳ ታክሲ ያውቃል።»

አልሳቀም። ከሁሉም ቀበሌ የተሰበሰበው መግለጫ ከነቃለ ጉባኤው ረቡዕ ወደ ላይ መሄድ አለበት። ላይ ያለው ሰው ያችን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ማን አቀረባት? መልሱም እዚያው ላይ፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። የቃለ ጉባኤው መዝገብ ገጾች ቁጥርና ማህተም ስላላቸው ቀድዶ ማውጣት አይቻልም።

«ቢያንስ አዲስ ሰዎች አይጨመሩበት» አለ ጓድ ፈይሳ። «እዚህ ያሉትን ቀበሌዎች እኔ እሰበስባለሁ። አንተ ነገ ዓለም ጤና ሂድና፣ ካልተሰበሰቡ ናሙናውን ተቀብለህ ና። ስልኩ እምቢ ብሎኛል።»

ቅዳሜ ጠዋት በሞጆ አድርጌ ወረድኩ። አውቶቡሱ ቆቃ ላይ ዓሣ የሚሸጡ ሰዎች ስለከበቡት ሩብ ሰዓት ቆመ፤ ከአጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ አምስት ዓሣ ገዝታ በእኔ ደብተር ላይ አሳረፈቻቸው። እኔ የማስበው ስለ ጋሽ ሱሌማን ነበር። በ1970 ዓ.ም. ሰባት ወር ታስረው ነበር፤ ለምን እንደታሰሩ ማንም አልነገራቸውም፣ ሲፈቱም አልነገራቸውም። እሳቸው ግን እስር ቤት ውስጥ ቀናቸውን አንድ በአንድ ወደኋላ ሲቆጥሩ አንዲት ጥፋት አገኙ። አንድ ቀን ለወንጂ አገዳ ቆራጮች ገመድ ሊያደርሱ ሄደው ከስብሰባ ቀርተዋል። በቃ፣ ያች ናት አሉ። ከዚያ ወዲህ ትኩሳት ይዟቸው እንኳ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ይመጣሉ፤ ስም የሚይዘው ሰው እንዲያያቸው ሁልጊዜ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።

የዓለም ጤናው ሊቀመንበር ጃራ ይባላል። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ የሽንኩርት ጆንያ ሲያስቆጥር አገኘሁት።

«አካም ጂርታ! የናዝሬት ሰው!» ብሎ እጄን ጨበጠና አለቀቀም። «አትቸኩል፣ ጨርሰናል! ረቡዕ ተሰብስበን፣ አጽድቀን፣ ማህተም አድርገን ቁጭ ብለናል።»

«ቃለ ጉባኤውን ልይ» አልኩ።

አመጣልኝ። ጽሑፉ ቆንጆ ነው። ከናሙናው አንድ ቃል አልተቀነሰም። ቀኑና የቀበሌው ስም ብቻ ተቀይሯል። መሐል ላይ «በአቶ ሱሌማን አቅራቢነት በቀረበው ማሻሻያ መሠረት» ይላል።

«ጃራ» አልኩት፣ «ይሄ ሱሌማን እኮ የእኛ ሰው ነው። የናዝሬት።»

«እኛም አለን።»

«አላችሁ ማለት?»

«ናሙናው ሱሌማን ያቀርባል ይላል። አዳራሹ ውስጥ ሱሌማን የሚባል አለ ወይ ብለን ጠየቅን፤ የለም ተባለ። ከዚያ ራህመቶ የሚባል ገበሬ "የውሃ ሞተሬን የሚያስነሳው ልጅ ሱሌማን ነው" አለ። ከሽንኩርት ማሳ አስጠራነው። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ እንደሆነ መጥቶ አቀረበ።»

«ምን ብሎ አቀረበ?»

«አነበብንለት፣ "እሺ" አለ። እሺ ካለ አቀረበ ማለት አይደለም?» ጃራ ፊቴን አየና ቆም አለ። «ምነው፣ ስህተት አለው? እኛ እኮ ከመቂ እንሻላለን። የመቂው ሱሌማን የስብሰባው ቀን ዝዋይ ሄዶ ነበር፤ ሌላ ሰው ቆሞ በስሙ አቀረበለት። በውክልና! እኔ ግን ውክልና ሕጋዊ አይደለም ብዬ ሰውየውን ራሱን አስመጣሁ።»

«ዝዋይስ?»

«ዝዋይ ሱሌማን ሞልቷል፤ እነሱ ምን ይቸገራሉ!»

ልንለያይ ስንል የሞተሩ ሱሌማን መጣ። ሃያ ዓመት ያልበለጠው ቀጭን ሰው ነው፤ የናዝሬት እንግዳ ስለ እሱ እየጠየቀ ነው ብለውታል። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያሻሸዋል።

«ያቀረብኩት ነገር ችግር አመጣ?» አለኝ።

«አይ፣ አላመጣም።»

«ምን ነበር ግን ያቀረብኩት?»

ስለ አሜሪካ ቦምብ ነው አልኩት። «ኧረ!» አለ፤ ትንሽ ኮራ ያለም መሰለኝ። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ትቶት እንደመጣ ትዝ ብሎት ሮጠ።

ሰኞ ይህን ሁሉ ለጓድ ፈይሳ ስነግረው ግንባሩን በሁለት መዳፉ ያዘ። እሱም ከራሱ ቀበሌዎች የሰበሰባቸውን ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል። አንዱን አነሳ፣ በአቶ ሱሌማን አቅራቢነት። ሌላውን አነሳ፣ በአቶ ሱሌማን አቅራቢነት። አንዱ ቀበሌ ሱሌማን ስላጣ «በጓድ ሱሌማን (በሌሉበት)» ብሎ ጽፏል።

«አሁን እኔ ላይ ያለሁት ሰውዬ ብሆን» አለ ጓድ ፈይሳ፣ «ምን አነባለሁ? አንድ ሱሌማን የሚባል ሰው በሁለት አውራጃ፣ በዘጠኝ ቦታ፣ ሶቪየትን የሚያስወግዝ ዓረፍተ ነገር እየዘራ ነው። መረብ አለው ማለት ነው።»

«ናሙናውን ስለገለበጡ እኮ ነው።»

«ናሙናውን የበተነው ማነው ቢሉኝስ?»

እሱ መስኮቱን አየ፤ እኔ ሬዲዮኑን። ሬዲዮኑ ስለ ጥጥ ምርት ያወራል።

«መልስ አለኝ» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሱሌማን የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ናሙና ላይ ለምሳሌ ያህል የተጻፈ ስም ነው። አበበ በሶ በላ እንደሚባለው። ቀበሌዎቹ ሳያስተውሉ ገለበጡት፤ የጽሑፍ ስህተት ነው። ስህተት ደግሞ አይታሰርም። ይህን ለማለት ግን በእናንተ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሱሌማን የሚባል ሰው እንዳልነበረ መዝገቡ ማሳየት አለበት። የተሰብሳቢዎቹን ስም መያዣ አምጣና ቀሪ በለው። ያልነበረ ሰው አልተናገረም።»

ብልህ ሐሳብ ነበር። ጓድ ፈይሳ ራሱንም ጋሽ ሱሌማንንም በአንድ ምልክት ሊያወጣ ነው፤ ክፋት አላየሁበትም። የከበደኝ ሌላ ነው። የነበረን ሰው አልነበረም ብዬ ጽፌ አላውቅም። ደግሞም ጋሽ ሱሌማንን ሳላማክር ማድረግ ልክ አልመሰለኝም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሱቃቸው ሄድኩ።

የገመድ ጥቅል ላይ ተቀምጠው የፋኖስ ብርጭቆ በጨርቅ ይወለውላሉ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው፤ ስለ ሶቪየት፣ ስለ ዓለም ጤና፣ ስለ ጓድ ፈይሳ ሐሳብ። ስለ ሽንኩርት ማሳው ሱሌማን ስነግራቸው ሳቅ ያሉ መሰለኝ። «ቀሪ» ወደሚለው ስደርስ ብርጭቆውን አስቀመጡት።

«ቀሪ?»

«ለእርስዎ ደኅንነት ነው ጋሽ ሱሌማን።»

«እኔ እኮ ነበርኩ! አይተኸኛል! ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልቀረሁም። ሚስቴ ዘሃራ ስትወልድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ወንድሜን የቀበርኩ ዕለት ከመቃብር በቀጥታ ስብሰባ ሄጃለሁ። አሁን በነበርኩበት ቀን ቀሪ ልባል?»

«በፈቃድ ቀርተዋል የሚል ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ። ማህተም ይደረግበታል።»

«ማን ነው የፈቀደልኝ?»

«አቶ ገብረወልድ።»

«ለምን ብዬ ነው ያስፈቀድኩት?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። «አሞኝ ነበር ይበሉ» አልኩ።

«ሁለት መቶ ሰው ስናገር ሰምቶኛል። ያጨበጨቡልኝ በሽተኛ ሆኜ ነው?» ቀና ብለው አዩኝ፤ የተቆጡ አይመስሉም፣ ግራ የገባቸው እንጂ። «ቆይ ልጄ፣ በደንብ አስረዳኝ። ነበርኩ ካልኩ የምታሰረው ሶቪየትን ተናግረሃል ተብዬ ነው። አልነበርኩም ካልኩ ደግሞ ቀርተሃል ተብዬ ነው። የቱ ይሻላል?»

«ቢቀሩ አይታሰሩም እኮ።»

«አንተ በ1970 የት ነበርክ?»

«ስድስተኛ ክፍል።»

«እንግዲያው አታውቅም» አሉና ብርጭቆውን መልሰው አነሱ። በእርግጥም አላውቅም ነበር። ቢቀሩ አይታሰሩም ያልኩትን ከየት አምጥቼ እንዳልኩት ሳስበው ከየትም አልነበረም። ልሄድ ስነሳ «እስከ ነገ ላስብ» አሉኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ እኔና ጓድ ፈይሳ ቢሮው ውስጥ የስም መያዣውን ዘርግተን ስንጠብቅ፣ ጋሽ ሱሌማን ገቡ። ንጹሕ ኮት ለብሰዋል። በአንድ እጃቸው የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፣ በሌላው ፔርሙዝ ይዘዋል። ጓድ ፈይሳ ብርድ ልብሱን አየና ከወንበሩ ተነሳ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ባለፈው ሳልይዝ ነበር የሄድኩት። በጣም በረደኝ» አሉ። ብርድ ልብሱን መሬት ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡት። «ሱሌማን እኔ ነኝ። ነበርኩ። ዓረፍተ ነገሩን ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አባባ፣ ይቀመጡ» አለ ጓድ ፈይሳ። «መምህሩ አላስረዳዎትም? ነበርኩ ባይሉ ነው የሚሻልዎት።»

«አስረድቶኛል፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ግን አልሆነልኝም። ያኔ ሰባት ወር ስታሰር ለምን እንደታሰርኩ አላውቅም ነበር። ሌሊት ሌሊት ስፈልግ ነው ያለቀው፤ ይህን አድርጌ ይሆን፣ ያንን ብዬ ይሆን እያልኩ። እስሩ ሳይሆን ፍለጋው ነው የገደለኝ። አሁን ብታስሩኝ ቢያንስ አውቀዋለሁ። ይህን ብያለሁ፣ በዚህ ታሰርኩ። ቀሪ ካላችሁኝ ግን እንደገና ያልሠራሁትን ስፈልግ ልኖር ነው።»

ጓድ ፈይሳ መሳቢያውን ከፈተ። ክኒኑን ፈለገ፣ አጣው። በመጨረሻ ብዕር አነሳ።

«ለምን አሉት ታዲያ? ማንኛውም አገር ያሉት ማንን አስበው ነው?»

ጋሽ ሱሌማን ወደ እኔ ዞሩ፤ ልናገረው ወይ ብለው እንደሚጠይቁ ሆነው። ምን ዓይነት ምልክት እንደምሰጣቸው አላወቅሁም።

«ማንንም አላሰብኩም» አሉ። «ሁለተኛ እንዳትሰበስቡን ነው። ሐሙስ ገበያ ነው።»

ጓድ ፈይሳ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ እንዳስቀመጠ ቀረ። እንዳይጽፈው ስብሰባ መጥላት ነው፤ ያም ጥፋት ነው። እንዳይተወው ደግሞ ሶቪየትን ከመጥላት ይሻላል። የቱ እንደሚከብድ ሲመዝን በፊቱ ላይ ይታየኝ ነበር። ኋላ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

«ጻፍ» አለኝ። «እሳቸው እንዳሉት።»

ጻፍኩ። «ማሻሻያውን ያቀረብኩት ማንንም አገር አስቤ ሳይሆን በገበያ ቀን በድጋሚ እንዳንሰበሰብ ነው።» ጋሽ ሱሌማን ቃል በቃል አስነበቡኝና ከሥሩ ፈረሙ።

«አሁን ይሄ የት ይገባል?» አለ ጓድ ፈይሳ ለራሱ። አንድ ፋይል ከፍቶ ዘጋ፤ ሌላ ከፈተ። ከዚያ ስልኩን አየው። ስልኩ አልጮኸም። ሬዲዮኑን ከፈተው፤ የሦስት ሰዓቱ ዜና አልቆ ሙዚቃ ገብቷል። መንግሥታችን ስለ ሶቪየቱ ሙከራ ምን እንዳለ፣ ምንም ብሎ እንደሆነ፣ ያን ቀንም አልሰማንም። ወረቀቱን መግለጫዎቹ ሁሉ ከተደረደሩበት ክምር ላይ አኖረውና ክምሩን እንዳለ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«ዛሬ አይላክም» አለ። «ከላይ አንድ ነገር እስኪመጣ ይቆይ።»

«እኔስ?» አሉ ጋሽ ሱሌማን። «ልቆይ ወይስ ልሂድ?»

ጓድ ፈይሳ መሳቢያውን ቆለፈ። ቁልፉን ኪሱ ከተተና እንደገና አውጥቶ አየው።

«ይሂዱ» አለ። «ግን ሩቅ አይሂዱ።»

አብረን ወጣን። ብርድ ልብሱን እኔ ያዝኩላቸው። በሩ ላይ ነፋሱ አቧራ አንስቶ ስለተቀበለን ፊታችንን አዙረን እስኪያልፍ ቆምን። ከዚያ ጋሽ ሱሌማን አስፋልቱን በሁለቱም በኩል ተራ በተራ አዩት።

«ሩቅ ማለት እስከ የት ነው ልጄ? የጂኦግራፊ አስተማሪ ነህ መቼም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጆንያ የማመጣው ከሞጆ ነው። ሞጆ ሩቅ ነው?»

«ሞጆማ ቅርብ ነው» አልኳቸው።

እርግጠኛ ግን አልነበርኩም።